ስልኬ ያስተዋወቀኝ ሰው

እኔ በሙት መንፈስ ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰው ሲያወራ እንኳ «እስቲ ተዉኝ» ብዬ ወደ ስፌቴ የምዞር ነኝ፣ እመኑኝ፣ ይሄን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ስቄ ነበር የምሸኘው።

ቡታጅራ ልብስ ስፌት ቤት ነበረኝ። ሰዉ ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅ የሚባልበት ዘመን ነው፣ ቀበሌው ከማን ጋር እንደምቀመጥ መርጦልኝ ሳያበቃ፣ አዲሱ ስልኬ ላይ የጫንኩት አፕ ደግሞ ጓደኛ ይመርጥልኝ ጀመር፣ «ይህን ሰው ታውቂው ይሆናል» እያለ የድሮ አስተማሪዬን፣ ዚፕ ያስቀየረች ደንበኛዬን ሳይቀር ይደረድርልኛል፣ ጓዳዬን የሚበረብር ሰው ያለ ይመስለኝና ይቀፈኝ ነበር።

እጮኛዬ በረከት ወልቂጤ አጠገብ ያለችው የጉብሬ ልጅ ነው። ሽማግሌዎች በሁለታችንም ወገን ሰባት ቤት ቆጥረው «ዝምድና የለም» ብለዋል፣ በእኛ አገር ይሄ ሳይቆጠር ሠርግ የለም፣ የጥሪ ካርዱም ታትሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል።

እሁድ ከቸርች መልስ በረከት ሱቄ ተቀምጦ እየቀለደብኝ ስልኬ ጢን አለ፣ ሳላነሳው ደገመ፣ ሦስተኛ ሲል አነሳሁት። አፑ አንድ ሰው ጠቁሞኛል። ስሙ ቦታ ላይ ነጥብ ብቻ አለ፣ የጋራ ጓደኛችን አንድ ነው፣ በረከት። ፎቶው አባቴ ነው።

የሚመስለው ማለቴ አይደለም፣ ራሱ። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ፎቶዎቹንም እናቴ በቀብሩ ማግስት አቃጥላቸዋለች፣ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሳጎላው የሸሚዙ ኮሌታ ላይ ሰማያዊ ክር አየሁ። ያንን የነተበ ኮሌታ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ ነጭ ክር አልቆብኝ በሰማያዊ ሰፋሁት፣ መልሶ ሳይለብሰው ሞተና ለቀብሩ አለበስነው። ታዲያ ይሄ ፎቶ መቼ ተነሳ? ከንፈሩ እርጥብ ነበር፣ ጥርሱ ሥር አፈር የመሰለ ነገር አለ፣ ስልኩን መያዝ ራሱ ቀፈፈኝ።

በረከት ከትከሻዬ በላይ አየውና ፈገግ አለ።

«ይሄ ሰውዬ አለ እንዴ? ጋሼ በርበሬ እንለው ነበር።»

«ከየት ታውቀዋለህ?»

«ልጅ ሆኜ ወልቂጤ ገበያ ሲመጣ እኛ ቤት ነበር የሚያድረው። ብስኩት ያመጣልኛል። አንቺስ?»

አባቴ የአገራችንን የመስቃን በርበሬ እየጫነ ወልቂጤ ይወርድ ነበር፣ ገበያው ካለቀ በኋላም ሳምንት ይቆያል። ሰባት ቤት ሲቆጠር ደግሞ የሚቆጠረው በአደባባይ የታወቀው አባት ነው። የበረከትን አገጭ አየሁት፣ የአባቴ አገጭ ነው፣ ትከሻዬ ላይ ያረፈውን እጁን አየሁት፣ ሮጬ ከሱቁ ጀርባ አስመለሰኝ። አፌን ስንት ጊዜ እንደተጉመጠመጥኩ አትጠይቁኝ፣ ትናንት የሳመኝ እሱ ነዋ። ስመለስ ፎቶው የለም፣ በእሱም ስልክ ብንፈልግ የለም።

በነጋታው ለማንም ሳልናገር ጉብሬ ሄድኩ። እናቱ እትዬ አስካለ ጓሮ እንሰት ይፍቃሉ።

«እትዬ፣ በረከት የማን ልጅ ነው?»

እጃቸው ቆመ። ወደ በሩ አዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን ነገረሽ?»

እንግዲህ እኚህ ሴት የአባቴን ስም ከሽማግሌዎቹ አፍ ሰምተው ዝም ብለዋል፣ እያወቁ ሊድሩን ነበር። ሠርጉ ቀረ። ለበረከት ምክንያቱን አልነገርኩትም፣ የጠላሁት ይመስለዋል። እናቱ ግን «ማን ነገረሽ?» ብለውኛል፣ ማን ልበላቸው?