እግሯ የጎደለች አራት ቁጥር

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር የተኛው ውሻ እንኳ ዝንብ ማባረር ይሰለቸዋል። በዚህ ሰዓት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ገብቶ የሚሠራ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ሽመክት። ሽመክት ደግሞ ያን ቀን ገና ከቤቱ ሲወጣ ተናዶ ነበር፤ ሲናደድ ነው ደህና የሚሠራው።

ሥራው አሮጌ መኪና ማየት ነው። ሰው የድሮ ፔጆ ወይ ፊያት ሊገዛ ሲል ይጠራዋል። ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያያል፣ ብረቱን በጣቱ ይዳስሳል፣ ሞተሩ ከመኪናው ጋር የመጣ ይሁን ከሌላ የተነቀለ ለይቶ ይፈርማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ የፈረመበትን መኪና ደግሞ ያየ ሰው የለም።

ዛሬ ግን ገዢዋ የገዛ ልጁ ናት። ሐመልማል እሑድ ሐረር ላይ ታገባለች። የሰው ልጅ በኪራይ መኪና አጊጦ ይሄዳል፤ የሱ ልጅ ግን ሰማያዊ ፔጆ ገዝታ፣ ቬሎዋን እንደለበሰች ራሷ ነድታ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥታ ልትገባ ነው። «አባዬ፣ ሞተሩ የራሱ መሆኑን ብቻ እይልኝ፤ ካልሆነ ስም አይዞርልኝም» ብላዋለች። እልኸኛ ናት። ከማን እንደወረሰችው ሰፈሩ ያውቃል።

ጋራዡ ሲደርስ ባለቤቱ ረምዚ የለም። በርጫ ላይ ነዋ፣ ሌላ የት ይሄዳል! «ሰው ቀጥሮ ጫት ላይ ይጋደማል? አቦ ይሄስ ንቀት ነው!» እያለ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከዚያ ነጭ ፀሐይ የገባ ዓይን ለረጅም ጊዜ ምንም አያይም፣ የሚሰማው ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ ብቻ ነው። ፔጆዋ ጥግ ላይ ቆማለች። ባትሪዋ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፣ አቧራዋ ላይ የድመት ኮቴ አለ።

ኮፈኑን ሲከፍት የመጣው ሽታ ግራ አጋባው። የቆመ መኪና አይጥና የሻገተ ጎማ ይሸታል፤ ይሄ የሚሸተው የፀጉር ቅቤ ነው፣ ሰርግ የሚሄዱ ሴቶች አናት ላይ በፀሐይ የቀለጠ ቅቤ፣ ከሪሃን ቅጠል ጋር። ረምዚ እዚህ ሴት ያስቀምጣል ማለት ነው፣ ባለጌ! ከዚያ እጁን ሞተሩ ላይ ጣለና መልሶ አነሳው። ይሞቃል። የቀትር ሙቀት አይደለም፤ ዳገት ወጥቶ የቆመ ሞተር ሙቀት ነው። ጠጋ ሲል ደግሞ ብረቱ ሲበርድ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ያለ ባትሪ ማን አባቱ አስነሳው?» አለ ጮክ ብሎ። የቤንዚኑን ታንክ ከፍቶ እንጨት ሰደደበት፤ እንጨቱ ደረቁን ወጣ።

ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይወጣ ነበር። ሽመክት ግን ፈራሁ ከማለት መናደድ ይቀለዋል። ጨርቁን ይዞት በመጣው ቤንዚን ነክሮ የቁጥሩን ቦታ አሸ፣ ቀጭን ወረቀት ለጠፈበት፣ እርሳሱን አጋድሞ ቀባው። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ወጡ። ከሊብሬው ጋር አስተያያቸው፤ ሁሉም ገጠሙ። እስክሪብቶውን ከኪሱ ካወጣ በኋላ ነው አራቷን ያያት። እግሯ የለም።

የድሬ መካኒክ ሁሉ የቁጥር መምቻ ብረት ነበረው፤ የአራቷ እግር የተሰበረው ግን የሱ ብቻ ነው። ይሄን ቁጥር የመታው እሱ ነው፣ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት።

ያኔ ሐረር ሰርግ ይሄዱ የነበሩ አራት ሴቶችና ሹፌራቸው ደንገጎ ላይ ገደል ገቡ። መኪናው ተጨፈለቀ፣ ሞተሩ ተረፈ። የዚያን ዘመን የመንገድ ሰዎች ደንብ ነበራቸው፤ ሰው ከገደለ ሞተር ውስጥ ያለው ዘይት እዚያው፣ ሰው የሞተበት ቦታ ላይ ይፈሳል፣ ሟቾቹ እዚያው እንዲያርፉ። ዘይት ግን በዚያ ዓመት ከማር ይወደድ ነበር። ሽመክት ደንቡን የሽማግሌ ወሬ ነው ብሎ ሞተሩን ከነዘይቱ አወረደው፣ ቁጥሩን በሞረድ አጠፋው፣ የገዢውን መኪና ቁጥር መታበት፣ ሸጠው። የአንዷ ሟች እናት መጥታ «ልጄ፣ ከመኪናው የተረፈ ነገር አለ?» ስትለው «ምንም የለም እማማ» አላት። የማይነጋ መስሏት… እንደሚባለው ነው።

ጣቱ ከቁጥሩ ሥር አንድ ነገር ዳሰሰ። ጭረቶች ናቸው፣ አምስት፣ ጎን ለጎን። ብረት ከውጭ ሲጫር ይሰረጉዳል፤ እነዚህ ግን ወደ ውጭ አብጠዋል፣ ከውስጥ በጥፍር የተገፉ ያህል። ከአምስተኛው ቀጥሎ ያለውን ልስልስ ቦታ ሲዳስስ፣ ብረቱ ጣቱ ሥር ቀስ ብሎ ተነሳ።

«የት አባታችሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ኮፈኑን ጠርቅሞ እያለከለከ ወደ ፀሐዩ ወጣ።

ረምዚ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ ሽርጡን እያጠበቀ መጣ። «ጋሼ፣ ምነው? ቁጥሩ አልገጠመም?»

«ገጥሟል።»

«ታዲያ ፈርማ አቦ!»

«አልፈርምም! ለልጄ እንዳትሰጣት!»

«ምክንያቱን ንገረኛ። ምን ልበላት?»

ሽመክት አፉን ከፈተ። ይሄን ከተናገረ ሠላሳ ዓመት የፈረመበት ሁሉ ነገ ይመረመራል፣ ስሙ መጋላ ገበያ ውስጥ መሳቂያ ይሆናል። «አልፈርምም አልኩህ፣ አለቀ!» ብሎ ወረቀቱን ቀዶ ጥሎት ሄደ።

ቤቱ ገብቶ ተጋደመ። በረምዚ ተናደደ፤ ያኔ ሞረዱን ባቀበለው በሟች አለቃው ተናደደ፤ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች አሮጌ ብረት በምትወድ ልጁ ተናደደ። የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ሊያስበው ሲል ጎኑን ቀየረ። እንቅልፍ እንደ ምንም ወሰደው።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሐመልማል ናት፤ ከኋላዋ የሞተር ድምፅ ይሰማል፣ ለስላሳ፣ ያለ አንዳች እንከን።

«መኪናዋን ወሰድኳት» አለችው። «ረምዚ ባትሪ ገጠመላት፣ ጎማዋን ነፋላት፣ ቤንዚን ቀዳንላት፣ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ቁጥሩ ገጥሟል ብሎኛል። ያልፈረምከው እጮኛዬን አብነትን ስለማትወደው ነው፣ እኔ አላውቅህም?»

«አንቺ ልጅ! የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን ነው የወጣሁት። ለአብነት ላሳየው ወደ ሐረር እየሄድኩ ነው። ደንገጎን አልፌያለሁ፣ አለማያ ልደርስ ነው።»

ደንገጎን ማለፏን ሲሰማ ትንፋሹ ተመለሰ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ላቡን በአንሶላው ጠረገ። ካለፈች አለፈች፤ ዝም ቢላትስ? ከዚያ ግን እሑድን አሰበ፣ ቬሎዋን አሰበ፣ ለሃያ ስምንት ዓመት ያከማቸው ቁጣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞሮ ራሱ ላይ አረፈ።

«አቁሚና ውረጂ» አለ። «ስሚኝ ልጄ፣ እኔ ሌባ ነኝ። ሞተሩ የመኪናዋ አይደለም። ሰው ከሞተበት መኪና አውጥቼ፣ ቁጥሩን ሞርጄ የመታሁት እኔ ነኝ። እናትየዋን ዋሽቻታለሁ። ዘይቱን እንኳ አላፈሰስኩላቸውም። ስደቢኝ፣ ከእንግዲህ አባቴ አትበይኝ፣ ብቻ አሁኑኑ ውረጂልኝ!»

ሐመልማል አልተቆጣችም። ሰው እንዳይሰማት እንደምትጠነቀቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰችለት።

«ነግረውኛል እኮ አባዬ፤ ደንገጎ ላይ ከኋላ የተሳፈሩት ሰዎች ከገቡ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም።»