ከኮፍያው በታች

ዕዝራ ጠረጴዛው ሥር ወድቋል። ደም የነካው የካሜራ መቆሚያ አጠገቡ ተጋድሟል፤ ኮምፒውተሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በርቷል። ኢንስፔክተር እናትነሽ ሙቀቱንም ዝንቡንም እየረገመች ሬሳውን አየች።

ሟቹ ጋምቤላ ከተማ ባለ አንድ ረድኤት ድርጅት የፎቶ ክፍል ኃላፊ ነበር። የኩሌና የጀዊ መጠለያ ስደተኞች ፎቶ ሁሉ በእሱ እጅ ነው።

«ለምን ጊዜ ያጠፋሉ?» አላት የፎቶ ፕሮግራሙን የዘረጋው ባለሙያ ረታ። «የበሩ ካሜራ ገዳዩን ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንስቶታል። ፕሮግራሙም ፎቶውን ወደ ክላውድ፣ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻው፣ ልኮ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ለይቶታል። ዱኦል ነው። ማሽን አይዋሽም።»

የኑዌር ተወላጁ ጥበቃ ዱኦል ካቴና ገብቶለት ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆሟል። ኮፍያው እስከ ቅንድቡ ወርዷል። ሠራተኛው ዙሪያውን ከቦ ይሰድበዋል።

«እኔ ከበር አልተነሳሁም» አለ።

«ዝም በል!» ጮኸች ሥራ አስኪያጇ መቅደላዊት። «ፎቶውን በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ራሱ ነው!»

እናትነሽ ፎቶውን አየች። ፊቱ የደበዘዘ፣ ግንባሩ ላይ በኑዌር ወንዶች ልማድ ስድስት መስመር የተተለተለ፣ ኮፍያ ያላደረገ ሰው ነው። ከሥሩ «ዱኦል» ይላል። ሌሎቹን ፎቶዎች ገለጠች፤ «ኛሩአች፣ 91 በመቶ»፣ «አቻን፣ 84 በመቶ»። ከዚያ የዕዝራን መሳቢያ በረበረች። ወጥታም ዱኦል ደረት ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አገላብጣ አየች። ይህን ለማየት ያሰበ ሌላ ሰው አለመኖሩ አበሸቃት።

ሁሉንም ማንጎው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ዕዝራ ለዋናው መሥሪያ ቤት የጻፈው ደብዳቤ ነው። ፕሮግራሙ ግንባራቸው የተተለተለ ወንዶችን እንደ አንድ ሰው እየቆጠረ አርባ ቤተሰብ ራሽን አስከልክሏል፤ ይዘጋ ይላል።»

«ተሳስቷል!» አለ ረታ።

«ማሽኑ ስም ሲሰጥ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በመቶኛ ይጽፋል። ከዱኦል ስም አጠገብ ቁጥር የለም፤ ማሽኑ ሳይሆን ሰው የጻፈው ነው። የይለፍ ቃሉ ያላችሁ አንተና ዕዝራ ብቻ ናችሁ።»

ረታ ሳቀ። «ዱኦል ሲገባ አይቶት ዕዝራ ራሱ ስሙን ጽፎት ቢሆንስ?»

«ዱኦል፣ ኮፍያህን አውልቅ።»

በታሰሩ እጆቹ አወለቀ። ግንባሩ ልሙጥ ነው፤ አንድም መስመር የለበትም። ስድብ ሲያዘንብ የነበረው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። መቅደላዊት አንገቷን ደፋች።

«የመታወቂያውን ፎቶ ያነሳው ዕዝራ ነው፤ ግንባሩ ልሙጥ መሆኑን አይስትም» አለች እናትነሽ። «አንተ ግን የኑዌር ወንድ ሁሉ ግንባሩ የተተለተለ መሰለህ። ደብዳቤው ከሄደ ሥራህ እንደሚያበቃ ስታውቅ ገደልከው፤ ከዚያ የአንድ ስደተኛ ፎቶ አውጥተህ፣ የበሩ ካሜራ ያነሳው አስመስለህ የዱኦልን ስም ለጠፍክበት።»

ካቴናው ከዱኦል እጅ ወደ ረታ እጅ ተዛወረ። ዱኦል አንጓውን እያሻሸ ረታ ፊት ቆመ።

«ሁለት ዓመት ጠዋት ጠዋት በር ከፈትኩልህ» አለው። «አንድ ቀን እንኳ ፊቴን አላየህም?»

ረታ አሁንም ቀና ብሎ አላየውም።