በአንድ ዓይን የተሳለው

ደባርቅ ላይ ያን ቀን ጠዋት የሥዕል መምህሩ ሻረው በገዛ ቤቱ ደረቱን ተወግቶ ተገኘ። ዘመኑ ፲፱፻፸ ነው፤ ሬሳ ብርቅ አልነበረም፣ ብርቁ ገዳዩን የሚፈልግ ሰው ነበር። መርማሪው መቶ አለቃ ያርጋል ግን መፈለግ የሚወድ ሰው ነው።

ሬሳው ውስጥ የቀረው ቢላዋ የሟች ባልደረባ የክንዴ ነው፤ ማታ ዳቦ ቆርሶበት እዚያው ረስቶት ሄዷል። ባዘዘው የተባለው የቀበሌው ሊቀመንበር ክንዴን አስሮ መርማሪውን ጠበቀ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ምን ያለፋሃል? ቀትር ላይ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል፣ ያልቃል።»

«ቀትር ገና ነው» አለና ያርጋል በሩን ዘጋበት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ! ያርጋል ግድግዳውን ሲያይ፣ ሻረው የሚወደው ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የመጨረሻውን ራት ሲበላ፣ አንድ ጣሊያናዊ የሳለው፣ በወረቀት የታተመ። ከማዕዱ ዳር የቆመው ሐዋርያ ፊቱ በቢላዋ ተበስቷል፤ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ደም አለ። ያርጋል ጠቅልሎ ደበቀው፤ ከትምህርት ቤቱ ሌላ ቅጂ አስመጣ።

ማታ ከሻረው ጋር ራት የበሉት ክንዴ፣ ባዘዘው፣ የሟች ሚስት አምሳልና የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊው መሪጌታ ተክለ ማርያም ናቸው። አምሳል ከራት በኋላ የታመመች እህቷ ዘንድ ሄዳ አደረች። ያርጋል አንድ በአንድ እያስገባ ያልተበሳውን ቅጂ አሳይቶ ጠየቃቸው፤ ከነዚህ ውስጥ ይሁዳ የቱ ነው?

ክንዴ እጁ ታስሯልና በአገጩ ጠቆመ። «ይኸ፣ ከረጢት የጨበጠው። ሻረው ‹የፈረንጅ ሥዕል ስታዩ ፊት አትዩ፣ እጅ እዩ› ይል ነበር። የይሁዳን ፊትማ ሠዓሊው በጥላ ሸሽጎታል።» ከዚያ ወደ ያርጋል ዞረ። «መቶ አለቃ፣ እኔ እንደ ወንድሜ የማየውን ሰው አልገደልኩም።»

አምሳልም እያለቀሰች ከረጢቱን አሳየች። ባዘዘውም «ሻረው በዚህ ሥዕል ስንቴ አደነቆረን!» እያለ እዚያው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

መሪጌታ ግን ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ይኸ ነዋ፣ ዳር የቆመው! በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው። እኛ ለጻድቅ ሁለት ዓይን እንሰጣለን፤ ለከሃዲ አንድ ይበቃዋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ መሪጌታ» አለ ያርጋል። ሽማግሌውን ወድዷቸው ነበርና ከፋው።

ሁሉንም ሰብስቦ የተበሳውን ሥዕል ዘረጋ።

«ገዳዩ ሻረውን ከወጋ በኋላ ሥዕሉን ወጋ፤ ደሙ ይኸው። ከዚያ ቢላዋውን መልሶ ሬሳው ላይ ሰካው። ከሥዕሉ ማንን ወጋ? ይሁዳ የመሰለውን። ሻረውን ከዳተኛ ነው ብሎ ገድሎታል ማለት ነው። ክንዴ ቢሆን ከረጢት የያዘውን ይወጋ ነበር፤ አምሳልና ባዘዘውም እንዲሁ። የተወጋው ግን ምንም የማያውቅ ሐዋርያ ነው። የፈረንጁን ሥዕል በእኛ ሥርዓት ያየ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

መሪጌታ አልደነገጡም። «እኔ ነኝ። ክንዴን ፍቱት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! ልጄን ዋሴን አምና ገድለው ደጄ ላይ ጣሉት፤ እንዳላለቅስ እንኳ ከለከሉኝ። እንባዬን ዋጥሁና የጠቆመውን ፈለግሁ። ዛሬም ቢነሣ ደግሜ እገድለዋለሁ!»

«ሻረው መጠቆሙን ማን ነገረዎ?»

«ጓድ ባዘዘው።»

አምሳል ደረቷን መታች። «ኧረ እግዚኦ! መሪጌታ፣ ዋሴን ደብቀን የቀለብነው እኛ እኮ ነን! ከዚህ ቤት ሲወጣ ያየው ባዘዘው ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ አስያዘው። ሻረውንም እንዳይበላብኝ ፈርቼ ዝም አልሁ። ዝም ብዬ አስበላሁት!»

ከክንዴ እጅ የተፈታው ገመድ መሪጌታ እጅ ላይ ገባ። እሳቸው የታሰረውን እጃቸውን ብዙ አዩት።

«በሥዕሉም በሰውም ሳትሁ» አሉ።

ቀና ሲሉ ሁሉም ባዘዘውን እያየ ነው። ባዘዘው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ መሪጌታ ካሉበት አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

«አሁንስ አልሳትሁም» አሉ መሪጌታ። «የኔ ልጅ፣ አንዴ ብቻ እጄን ፍታልኝ።»

ያርጋል አልፈታቸውም፤ ሌላ ገመድ እንዲያመጡለት ግን ወደ ደጅ ተጣራ።