የበረኛው ልጅ እና የዳኛው ልጅ

መምህርቷ የከተማዋን የእግር ኳስ ክለብ ታሪክ እንድትጽፍ የተመረጠችው ስለ ኳስ ስለምታውቅ አልነበረም። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምርና እምቢ ማለት ስለማይሆንላት ነው። ክለቡ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ኮሚቴው አንድ ካርቶን አሮጌ ፎቶ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው መዝገብና እግረ መንገዱንም ብዙ ምክር አሸከማት።

ፎቶዎቹን ለማባዛት ወደ ከተማዋ ብቸኛ ፎቶ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት የዳኛው ልጅ ነዋ! እሷ ደግሞ የበረኛው ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ እሷ ሳትወለድ፣ ክለቡ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ለዋንጫ ደርሶ ነበር። የተመደበው ዳኛ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። ሁለቱ ቡድኖችም የከተማዋ ሰው የሆኑት ዳኛ እንዲያጫውቱ ተስማሙ። ባለቀ ሰዓት ኳስ ተመታች፤ ሰው ሁሉ «ግድግዳው» የሚላቸው አባቷ ተወርውረው ያዟት። ዳኛው ግን መስመር አልፋለች፣ ጎል ናት ብለው ፊሽካቸውን ነፉ። ዋንጫው ለጎረቤት ከተማ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዳኛው ስም «ወገኑን የሸጠ» ሆኖ ቀረ። አብረው ያደጉት ጓደኛሞች፣ በረኛውና ዳኛውም፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው መንገድ የሚቀይር ሆኑ።

«ግቢ እንጂ! ውጭ ለቆመ ሰው ፎቶ አናነሣም» አለ ፎቶ አንሺው ከውስጥ።

«የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«አፍንጫሽ ይናገራል። ይልቅ ካርቶኑን አቀብይኝ፤ ክንድሽ ተገነጠለ እኮ።»

ሥራው በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ነበር። ሁለት ወር ፈጀ። እሷ ሁሉንም ፎቶ በአንዴ መተው ስትችል በየቀኑ ሁለት ሁለት ይዛ ትመጣለች፤ እሱም የአንዱን ተጫዋች የተቧጨረ ጉልበት ለማደስ ከሰዓቱን ሙሉ ይፈጃል። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ኮምፒውተሩ ላይ ያፈጣሉ። አንዳንዴ ከተጫዋቾቹ ላይ ዓይኗን ስታነሣ እሱ እሷን እያየ ታገኘዋለች። ሁለቱም ይደነግጡና ስለ መለያው ቀለም ማውራት ይጀምራሉ።

«አባቴ ሜዳ ከረገጡ ሃያ ሰባት ዓመታቸው» አላት አንድ ቀን። «ጨዋታ ያለ ቀን ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ጩኸቱን ያዳምጣሉ። ማን እንዳገባ ከጩኸቱ ያውቃሉ።»

 እጁን ልትነካው ፈለገችና በምትኩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አነሣች።

ሌላ ቀን ደግሞ ሳያስበው፣ «እወድሻለሁ» አለ። «ግን አባትሽ ቤት በየት በኩል ነው የምገባው?»

እሷም ወዳዋለች። በዚያ ምሽት አባቷን ልትሞክር አሰበች።

«አባዬ፣ የዳኛው ልጅ እኮ ፎቶዎቹን...»

«የዚያ ሰው ልጅ የዚህን ቤት ደጃፍ አይረግጥም።»

«ስለ ፎቶ ነው ያወራሁት!»

«ስለ ፎቶ የምታወራ ልጅ መሬት መሬት አታይም» አሉና ወደ መኝታቸው ገቡ።

መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፎቶ አንሺው ሳይቀልድ ተቀበላት። የድሮው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ትቶት በሄደው ሳጥን ውስጥ ታጥቦ ያልታተመ ፊልም አግኝቷል። የዚያ የዋንጫ ጨዋታ ቀን ፊልም ነው። ያኔ ከተማዋ ከመታመሷ የተነሣ ማንም አትምልኝ አላለም ይሆናል። አንዱን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተላት።

አባቷ በአየር ላይ ተዘርግተዋል፤ ኳሷ በሁለት እጃቸው ውስጥ ናት። በኖራ የተሰመረውን ነጭ መስመር ሙሉ በሙሉ አልፋለች። የጎሉ ቋሚዎች ግን ከመስመሩ ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ቆመዋል። በቋሚዎቹ መሀል የዝናብ ውሃ ተኝቷል።

«መስመሩን አልፋለች» አለ ቀስ ብሎ።

«ቋሚዎቹን አላለፈችም» አለች።

ሁለቱም አባቶች እውነታቸውን ነበር። ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። መስመሩን ማን እንዳሰመረው ታውቃለችና። አባቷ «በእኔ ጎል ላይ ከእኔ በቀር ኖራ የሚነካ አልነበረም» ሲሉ ነው ያደገችው።

ፎቶ አንሺው ፊቷን አይቶ ገባው። «ካልፈለግሽ አይታተምም» አላት። «አባቴ ስድቡን ለምደውታል። አንቺ ከአባትሽ እንድትጣዪ አልፈልግም።»

እንባዋ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው በሁለት ስንዝር መሬት ምክንያት ሊያመልጣት ነው!

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ግቢ ውስጥ ቧንቧ ሲጠግኑ ፎቶውን አጠገባቸው አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ይህን ገጽ አንተ ካልነገርከኝ አልጽፈውም። ዝም ካልክ ባዶውን ይወጣል።»

ጎንበስ ብለው አዩት። መፍቻውን አስቀመጡ።

«ውሃው ላይ ኖራው አልይዝ ሲለኝ ወደ ፊት አመጣሁት» አሉ። «ሁለት ስንዝር ምን ያመጣል ብዬ። ፊሽካው ሲነፋ ነው ዞር ብዬ ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ሕዝቡ የተበደልከው አንተ ነህ ብሎ በትከሻው ተሸክሞኝ ነበር። ከዚያ ላይ እንዴት ተብሎ ይወረዳል? ዛሬ ነገ ስል ልጅ ወለድኩ፣ ጸጉሬ ሸበተ።»

እጃቸውን ታጠቡ፤ ኮታቸውን ደረቡ። ወዴት ነው ብላ ሳትጠይቅ ዳኛው ቤት ደርሰዋል፤ እሷ ከኋላ እየሮጠች ነው። በሩን ዳኛው ራሳቸው ከፈቱ። ልጃቸው ከጀርባቸው ብቅ አለ።

«መስመሩን ያጠመምኩት እኔ ነኝ» አሉ አባቷ ሰላምታም ሳይሰጡ። «አንተ ያየኸውን ፈረድክ። ሃያ ሰባት ዓመት ያሰደብኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ዳኛው የበሩን ጠርዝ ያዙ። «አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ጨዋታው ሳይጀመር ሜዳውን ስዞር አይቼዋለሁ። አስተካክለው ማለት የእኔ ሥራ ነበር። በሰው ፊት ላሳፍርህ አልፈለግኩም፤ ጓደኛዬ ነህ። ሲሰድቡኝ ዝም ያልኩት ስድቡ ይገባኛል ብዬ ነው።»

 የአባቷ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ እንጃ። ዳኛው ጎትተው አቀፏቸው።

«ይህች ናት ልጅህ?»

«እሷ ናት። ልጅህን ትወደዋለች፤ ያልተናገረችው እኔን ፈርታ ነው።»

መምህርቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሽማግሌዎቹ ግን ተቃቅፈው ወደ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ወንበር እንኳ ሳይስቡ ድምፃቸው ከፍ አለ።

«መስመሩ ልክ ቢሆን ኖሮ ይዣታለሁ ማለት ነው!»

«ከቋሚውም ታልፍ ነበር! ወደ ኋላ እየተንሸራተትክ አልነበር?»

«ጀመሩ እንግዲህ» አለች ደጅ ላይ ቆማ።

«ይጀምሩ። የሃያ ሰባት ዓመት ወሬ ቀርቶባቸዋል» አለ ፎቶ አንሺው ወደ ደጅ ወጥቶ፣ እጇንም ያዛት። ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። አልለቀቀችውም።