አዛዡን ደጅ የጠኑ የሟች እናት

በራያ ቆላ፣ ስሟን ከማንጠራት አንዲት ከተማ፣ ይድነቃቸው የሚባሉ የፖሊስ ኮማንደር ነበሩ። አንድ ማለዳ ለምልምል ፖሊሶች የተቋሙን ታሪክ ከጥንቱ የከተማ ጠባቂ ከአራዳ ዘበኛ አንሥተው ሲያስተምሩ፣ ኡሙሰልማ የተባሉ እናት ከአዳራሹ በር ላይ ቆሙ። ልጃቸው ሙህሲን በመስኖ ውሃ ጠብ ተገድሎ ከተቀበረ ሳምንት አልሞላውም።

በዚያ አገር የገዳይን ስም ለሕግ መንገር ነውር ነው፤ ወንድም ዝም ብሎ ይበቀላል እንጂ አይከስም። እኚህ እናት ግን ነውሩን ረግጠው መጡ።

«ጌታው፣ ገዳዩ ሮቢት ከተማ፣ አጎቱ ቤት ተቀምጧል። ታናሹ ልጄ ሙንተሲር ጠመንጃውን አንግቶ ወጥቶብኛል። እናንተ ቅደሙት! ወላሂ፣ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ምክትሉ ኢንስፔክተር በረከት፣ «መኪናው ዝግጁ ነው፤ ልሂድ?» አለ።

«ተው እንጂ በረከት! ደም የሚያደርቀው ሽማግሌ ነው። ገብተን ሁለት ወገን ብናነካካ የበላይ አካል ምን ይለኛል? በዚህ መሥሪያ ቤት ነገር ያበረደ እንጂ የቆሰቆሰ ተሹሞ አያውቅም» አሉ ኮማንደሩ።

«ሽማግሌማ የሚሰማው ገዳይ ሲታሰር ነው» አሉ ኡሙሰልማ። «ገዳይ በየገበያው እየተንጎራደደ፣ ወንድሙ የማንን ምክር ይሰማል?»

«እማማ፣ እዚያ ጥላው ሥር ይረፉ፤ ትምህርቱን ልጨርስ።»

ኮማንደሩ ስለ ቀደሙት አዛዦች ጀግንነት እስከ ቀትር ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸውም። ጭብጨባው ሳያባራ ከሮቢት ስልክ ተደወለ። ሙንተሲር ገዳዩን አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ገድሎ፣ እርሱም በገዳዩ ወንድሞች ጥይት ወድቆ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ይድነቃቸው ለቅሶ ደረሱ። ከምንጣፉ ጫፍ በርከክ ብለው፣ «እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከወንድሞቹ መሃል በሙንተሲር ላይ የተኮሱትን ስም ይንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ራሴ እይዛቸዋለሁ» አሉ።

ኡሙሰልማ ቀና ብለውም አላዩአቸው። «አላውቅም» አሉ።

የሙህሲንና የሙንተሲር የአጎት ልጆች ጠመንጃቸውን አንሥተው ከድንኳኑ ወጡ። ኮማንደሩ ለበቀል እንደሚሄዱ ገባቸው፤ «ተመለሱ» የሚሉበት አፍ ግን አጡ።

ወገኖቼ፣ ሽምግልና የተባረከ ነው፤ ለፈሪ ሹም መሸሸጊያ ሲሆን ግን ደም ያበዛል። ፍርሃቱን አሸንፎ ወደ ሕግ ደጅ የመጣ ሕዝብ አንዴ ከተመለሰ፣ ዳግመኛ አይመጣም። ለቀሩት የሁለቱ ወገን ልጆች ፈጣሪ ይድረስላቸው፤ እኛስ አልደረስንላቸውም።