የጎመን በርሜሉ ቁልፍ

ሽማግሌው ስታመን ቁርስ ገበታው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። እህቱ ፔና ሬሳው እንኳ ሳይነሳ ጣቷን ምራቲቱ ላይ ቀሰረች። መርዛ ገደለችው ብላ ትሮያን ከተማ ድረስ ደውላ ፖሊስ የጠራችውም እሷው ናት። የሟቹ ልጅ ኦግኒያን አክስቱን አምኖ ሚስቱን ጽቬታን ቀና ብሎ አላያትም። ጽቬታን የሚጠብቃት እስር ቤት ነበር።

መርማሪ ኢስክራ ቦዝኮቫ ሬሳው ፊት ያለውን ብርጭቆ አንስታ አሸተተች። ሆምጣጣ ነው። ከዚያ ሐኪሙን ድራጋኖቭን ለብቻው አነጋገረችው። የሽማግሌውን ነፍስ የወሰደው ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው አላት። መድኃኒቱን ቢጨምርበት፣ ቢቀይርበት፣ ደም ግፊቱ አልወርድ ብሎ ክረምቱን ሙሉ አናዶታል። ትንሽ የወረደው አዲስ ዓመት ሰሞን ብቻ ነው።

«ጨው ይበሉ ነበር?»

«ጨውም፣ ጎመን ተዘፍዝፎ የሚጠጣውን ሆምጣጣ ጨው ውሃም ከልክያቸዋለሁ። ጆሯቸው ስለማይሰማ እህታቸው ናቸው ቃሌን ጆሯቸው ላይ እየጮኹ የሚያደርሱላቸው። ሽማግሌውም እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።»

ኢስክራ ወጥ ቤት ገብታ የጽቬታን የባቄላ ሾርባ ቀመሰች። ጨው የሚባል አልነካውም። ፔና ከበሩ ላይ ሆና የበሽተኛ ምግብ እያበላች ጨረሰችው ብላ አሽሟጠጠች። ጽቬታ ደግሞ አንድ ቀን አማቷ ጆሮ ላይ ጮኻ ልትመክረው ብትሞክር፣ ፔና ሽማግሌውን ትሰድባለች ብላ መንደሩን እንዳዳረሰች፣ ባሏም ከዚያ ወዲህ አማቷን እንዳታናግር እንደከለከላት ተናገረች። አዲስ ዓመት ሰሞን ከቤት የጠፋ ሰው አለ ወይ ስትባል፣ ጽቬታ፣ «ፔና ዓይኗን ለመታከም ፕሎቭዲቭ ከተማ ሄዳ ነበር» አለች።

ጎመኑ የሚቀመጥበት ምድር ቤት ቁልፍ ፔና ወገብ ላይ ነው። ኢስክራ ተቀብላት ወረደች። ለክረምት በጨው ውሃ የተዘፈዘፈው ጥቅል ጎመን በርሜሉን እንደሞላ ነው፤ ማንም አልበላውም። ጨው ውሃው ግን ከታች በቧንቧው ተቀድቶ ስለጎደለ የላይኛው ጎመን ደርቋል።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሾርባው ጨው የለውም፤ ጨው ግን ከሌላ ቦታ ይመጣ ነበር» አለች። «ጎመኑ ሳይነካ ውሃው አልቋል። እመት ፔና፣ ቁልፉ ከእርስዎ ወገብ አይለይም። እርስዎ ሲሄዱ ግፊታቸው ወረደ፤ ሲመለሱ ወጣ።»

«እኔው ነኝ የጠጣሁት» አለች ፔና።

«ብርጭቆው ሟቹ ፊት ነበር። ወንድምዎ ሐኪሙ የከለከላቸውን እያወቁ ለምን ይጠጣሉ? የሐኪሙን ቃል የሚያደርሱላቸው እርስዎ ነዎት። ምን ብለው ነገሯቸው?»



«ሐኪሙ የጎመኑ ውሃ ደም ያጠራል ብሎሃል አልኩት» አለች ፔና። «እንዲሞት አይደለም፤ እኔ እንዴት ወንድሜን! ግፊቱ ከፍ ሲል፣ ምግቧ አልተስማማኝም፣ ትውጣልኝ እንዲል ነው። ይህች ሴት ሳትመጣ ወጥ ቤቱ የእኔ ነበር።»

ፔናን ይዘዋት ወጡ። ኦግኒያን አቀርቅሮ ወደ ሚስቱ ጠጋ አለና፣ አክስቴ አታለለችኝ፣ ምን ላድርግ አላት።

ጽቬታ ኮቷን ለበሰች።

«አባትህ የተታለሉት መስማት ስለማይችሉ ነው» አለችው። «አንተስ?»

በሩን ከፍታ ሄደች።