የታችኛው ፎቅ ተሳፋሪ

እታገኝ ዋሴ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት የአንባቢዎቿን ደብዳቤ ትመልሳለች። በጋዜጣው ዘጠነኛ ገጽ ላይ ያለው ዓምዷ ስለ መርከብ ጉዞ ብቻ የሚናገር ነው። ባሕር በሌለው አገር ስለ መርከብ የምትጽፍ ሴት እያሉ የሚሥቁባት ባልደረቦች ነበሩ፤ እሷ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሜዲትራኒያን ላይ በሚመላለስ የመንገደኞች መርከብ ውስጥ የሰው አልጋ ስታነጥፍና የሰው መታጠቢያ ቤት ስትፈትግ ኖራ የመጣች ስለሆነች፣ ለሣቃቸውም ለእነሱም ደንታ አልነበራትም። ምክሯ እንደ ጠባይዋ ደረቅ ነው። በባሕር የምትሄዱ ከመርከቡ ወገብ ላይ፣ ዝቅ ያለ ክፍል ያዙ፤ ማዕበሉ እዚያ ይለዝባል። በወንዝ የምትሄዱ ግን ከታችኛው ፎቅ ራቁ፤ ሞተሩ ከትራሳችሁ ሥር ሲያጓራ ይውላል፣ መስኮታችሁም ከውኃው ጋር እኩል ነው። ከሰው ጋር ክፍል አትጋሩ። ከመመሪያ መጽሐፍ እያነበበ የሚያስጎበኝን አትመኑ። አንዲት አንባቢ «ባለቤቴ ውኃ ይፈራል፣ ምን ላድርግ?» ብላ ስትጠይቃት «ትተሽው ሂጂ» ብላ መልሳላታለች።

በዚያ ማክሰኞ አንድ ረጅም፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ሳያንኳኳ ገብቶ ከጠረጴዛዋ ፊት ቆመ።

«እርስዎ ነዎት እታገኝ?»

«ነኝ።»

ከኪሱ የተቀደደ የጋዜጣ ገጽ አውጥቶ ዘረጋላት። የራሷ ዓምድ ነበር። «ለብቻቸው የሚኖሩ አረጋውያን ከወንዝ ጉዞ የተሻለ ዕረፍት አያገኙም» ከሚለው መስመር ሥር በቀይ እስክሪፕቶ ተሰምሮበታል።

«እናቴ ይህን አንብባ ነው የሄደችው» አለ። «ከጡረተኞች ማኅበር ጋር፣ ከሉክሶር እስከ አስዋን፣ ለአራት ቀን። ሌሎቹ ከተመለሱ ሦስት ሳምንታቸው ነው። እሷ ከመርከቡ አልወርድም ብላለች።»

«አልወርድም ካሉ እኔ ምን ላድርጋቸው?»

«አንቺ ነሽ የላክሻት። አንቺ ታወርጃታለሽ» አለ፤ አንቱታውም እዚያው ላይ ቀረ።

ቢያድግልኝ ይባል ነበር። ልታስወጣው ከወንበሯ እየተነሣች ሳለ ስልኩን አውጥቶ እናቱ የላኩለትን የድምፅ መልእክት ከፈተላት። «ደህና ነኝ። አትምጣ» ይላል የአሮጊቷ ድምፅ፤ ጥቂት ዝም ብሎ እንደገና «ደህና ነኝ። አትምጣ» ይላል። እታገኝ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ከድምፁ ኋላ ያው ድምፅ ራሱ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ዘግይቶ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ ቃሉን እየተከተለ ይደግመው ነበር። ቢያድግልኝ የመስመር ችግር ነው አለ። እሷም እንደዚያ ነው አለች። አብራው ለመሄድ የተስማማችው ግን አረብኛ ስለምታውቅና እሱ ስለማያውቅ ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

ሉክሶር ላይ መርከቦቹ ጎን ለጎን አራት ሆነው ተጣብቀው ቆመዋል፤ ወደ መጨረሻው ለመድረስ የሦስቱን ሎቢ አቋርጦ ማለፍ ያስፈልጋል። ሦስቱ የሚያበሩ፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ፣ በነጭ እምነ በረድ የተነጠፉ ነበሩ። አራተኛው ውስጥ እንደገቡ ብርሃኑ ደከመ፣ ምንጣፉ ከእግራቸው ሥር ረጠበ፣ አየሩም አፍንጫ ላይ ከበደ። እታገኝ ቆመች። ሽታውን ታውቀዋለች። ተወልዳ ያደገችው ደጀን፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው፤ ሐምሌ ላይ ወንዙ ሲደፈርስ ከታች ከገደሉ የሚወጣው፣ የቀይ አፈርና የበሰበሰ ሣር፣ ዛፍና ከብት እየጠረገ የሚሄድ የጎርፍ ሽታ ነው። እዚህ ግን ሊኖር አይገባም። አፈሩ ሁሉ ከአስዋን ግድብ ኋላ ይቀራል፤ ሉክሶር ላይ ውኃው አረንጓዴ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ምንም አይሸትም። ይህን እሷው ራሷ ጽፋዋለች።

የክፍል አስተናጋጁ ራጋብ የሚባል፣ ትከሻው የጎበጠ ሽማግሌ ነበር። ሰው ፊት አያይም። የመጡበትን ነገር ስትነግረው መሬት መሬት እያየ በአረብኛ «ውሰዷት» አለ፤ ቀጥሎም ዝቅ አድርጎ «የመጣችውን ውሰዱ» አለ።

«ምን ይላል?» አለ ቢያድግልኝ።

«ውሰዷት ይላል» አለች እታገኝ። ሁለተኛውን የአረብኛዋ ዝገት ያመጣው መስሏት ተወችው። ደግሞም ለዚህ ሰው ቃል በቃል የምትተረጉምበት ምክንያት አልታያትም።

በታችኛው ፎቅ ላይ ሌላ ተሳፋሪ አልነበረም። የኮሪደሩ አምፖሎች ወደ ውስጥ በሄዱ ቁጥር እየደበዘዙ ይሄዱና ከመጨረሻዎቹ ሁለት በሮች ላይ ጨርሶ ይጠፋሉ፤ እዚያ ጫፍ ላይ የቢያድግልኝ እናት የወይዘሮ ጥሩወርቅ ክፍል፣ ዘጠኝ ቁጥር ነበር። ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ።

«መጣችሁ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ልጃቸው ባሳያት ፎቶግራፍ ላይ የከሱ፣ ፊታቸው የተጨማደደ፣ መነጽር ያደረጉ ባልቴት ነበሩ። በሩ ላይ የቆሙት ግን ፊታቸው ሞላ ብሎ ወዝቷል፤ ያልተሠራው ፀጉራቸው ውኃ ያንጠባጥባል፣ የቀሚሳቸውም ትከሻ ርሷል። ቢያድግልኝ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሲስም፣ እጃቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ራሱ ላይ አኖሩት፤ እዚህ ጋ አስቀምጪው የተባሉትን ዕቃ የሚያስቀምጡ ይመስሉ ነበር።

«ዕረፍቱ ተስማምቷታል» አለ ቢያድግልኝ ወደ እታገኝ ዞሮ፣ እንደተናደደ።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘግቶ ከሥሩ ፎጣ ተጠቅጥቆበታል። እታገኝ ከልማዷ የተነሣ እጇን ወደ መያዣው ስትሰድ አሮጊቷ «ውኃው ተበላሽቷል። አትክፈችው» አሏት።

«እማ፣ እንሂድ» አለ ልጃቸው።

«ወዴት?»

«ቤትሽ ነዋ።»

«ቤቱ ውስጥ ማን አለ?»

የቢያድግልኝ እናት የሚኖሩት ከእሱ ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ደጃቸውን ከረገጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይህን እታገኝ ያወቀችው ምሳ ላይ ነው። ወደ ማኅበሩ ሰዎች ደውላ ጠይቃ ስትነግረው ሹካውን አስቀመጠና «ለብቻዋ የምትኖር ሴት ስለ ሰው እናት ምን ታውቃለች?» አላት። መርከቡ ቀትር ላይ ተነቅሎ ወደ ደቡብ መውጣት ጀመረ።

ከምሳ በኋላ ራጋብ ሁለት ትሪ ተሸክሞ ደረጃውን ሲወርድ አየችው።

«ለማን ነው ሁለት?»

«ለዘጠኝ ቁጥር።»

«እዚያ ያሉት አንድ ሴትዮ ናቸው።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዐይኗን አያት። «የምትበላዋ አንዲት ናት» አለና ወረደ። ትሪዎቹ ሲመለሱ የአንደኛው ሳህን እስከ ፍርፋሪው ተጠርጓል፤ የሌላው ምግብ ሳይነካ ውኃ አቁሮ፣ ከውኃውም በታች ቀጭን ቡናማ ደለል ሰፍሮበት ነበር። ለቢያድግልኝ ልትነግረው ወደ ሰገነቱ ወጣች፤ ጀርባውን አዙሮ የወንዙን ዳርቻ እያየ ተቀምጧል። ጀርባውን አየችና ተመለሰች።

ዐሥር ሰዓት ገደማ ኤስና ደረሱ። እዚያ መርከብ ሁሉ በግንብ በተሠራ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋበትና፣ ውኃ እየተሞላበት ወደ ላይኛው ወንዝ ይነሣል። ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ለሚያይ ደስ የሚል ትርኢት ነው፤ እታገኝ ለአንባቢዎቿ «እንዳያመልጣችሁ» ብላ ጽፋለታለች። ከታችኛው ፎቅ ሆና አይታው ግን አታውቅም ነበር። በቀን ብርሃን መስኮቶቹ ላይ ጥቁር፣ ዝልግልግ አረንጓዴ የለበሰ ግድግዳ መጥቶ ሲገተር ኮሪደሩ እንደ ጉድጓድ ጨለመ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ከብረቱ ውጪ የሚሞላው ውኃ ድምፅ፣ ብዙ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ዓይነት ሆኖ ከአራቱም ማዕዘን ተሰማ። በዚያ ጨለማ ግድግዳውን እየዳበሰች ስትሄድ ከዘጠኝ ቁጥር ውስጥ ንግግር ሰማች።

«ልጅ ሳለ ስታቅፊው የቱ ጋ ነበር የምትይዥው?»

«ማጅራቱን» አለ ደከም ያለ ድምፅ።

«ማጅራቱን» አለ የመጀመሪያው።

ሁለቱም ድምፅ አንድ ነበር። እታገኝ በሩን ከፈተችው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በአልጋው ራስጌ መብራት ብርሃን ብቻቸውን፣ ፊታቸውን ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር አዙረው ቆመዋል። ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ እሳቸው እስከቆሙበት ድረስ የእርጥብ ባዶ እግር ምልክት ምንጣፉ ላይ ታትሟል።

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት፣ እማማ?»

«ከራሴ ጋር ነዋ» አሉ ሳይዞሩ። «ብቻውን የኖረ ሰው እንዲህ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ኮተቤ ያለችው ባዶ ቤቷ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ለራሷ እየተናገረች ልብስ የምትለብሰውን፣ ማታ ገብታ «እንዴት ዋልሽ?» ብላ ራሷን የምትጠይቀውን እታገኝን ማንም አይቷት አያውቅም፤ እንዴት እንደታየች ማሰቡ የጨለማውንና የድምፁን ፍርሃት አስረስቶ አሳፈራት። ይቅርታ ጠይቃ በሩን መለሰችው። መርከቡ ቀስ እያለ ተነሣ፣ ግድግዳው ከመስኮቱ ላይ ወደ ታች ሸሸ፣ ፀሐይም ገባች።

በማግሥቱ ጠዋት ኤድፉ ላይ፣ ከሁለት መርከቦች ጎን ሦስተኛ ሆነው ሲቆሙ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጠላቸውን ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ጠበቋቸው።

«በል እንሂድ፣ ልጄ» አሉ።

ቢያድግልኝ ይህን አልጠበቀም ነበር። እሳቸው ተነሥተው መጡና መዳፋቸውን ማጅራቱ ላይ አሳረፉ፤ ይህን ጊዜ ያ ረጅም፣ ኮቱን የቆለፈ ሰው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። «ልጅ ሳለሁ እንዲህ ነበር የምትይዘኝ» አላት ለእታገኝ፣ እንደ ሰው በሚያናግራት ድምፅ። ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን ምን ትላለች? እናትህ ልጃቸውን የሚይዙበትን ቦታ ሲያጠኑ ሰማሁ ትበለው? ሻንጣውን አነሣችና ተከተለቻቸው።

ደረጃው ላይ ልትደግፋቸው የያዘችው እጅ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ የጣቶቹ ቆዳ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ሰው ተጨማዶ ከሥጋው ተላቅቋል፣ ትንሽ ብትስበው የሚመጣ መሰላት። ለቀቀችው። በመጀመሪያው መርከብ ሎቢ ሲያልፉ፣ በሁለተኛውም፣ አሮጊቷ የረገጡበት ነጭ እምነ በረድ ላይ ቡናማ ውኃ እየቀረ ሄደ። ከኋላቸው አንድ የጽዳት ሠራተኛ መወልወያውን ይዞ መጣ፤ ዝቅ ብሎ አሸተተውና ሳይወለውለው ተመለሰ።

መውረጃው መሰላል ጋ ሲደርሱ ቢያድግልኝ ቆመ። «መነጽሯን ረስታዋለች። ያለ መነጽር የራሷን እጅ አታይም።»

«አያስፈልገኝም» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። ከወንዙ ማዶ፣ በጣም ሩቅ፣ ከቴምሮቹ ሥር የቆመ አንድ ነጭ አህያ ላይ ዐይናቸውን ተክለው ነበር። «አያለሁ።»

«እባክዎ» አላት ቢያድግልኝ ለእታገኝ። እናቱን በትከሻቸው አቅፎ፣ ልክ እንደ ልጅ ይሥቅ ነበር። «እኛ ቀስ እያልን የዳርቻውን ደረጃ እንውጣ። ይድረሱብን።»

ሁለቱን ሎቢ ተመልሳ አቋረጠች። የሦስተኛው መርከብ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበላት፤ ከትናንቱ ግን ሳስቷል፣ እንደ ወጣ ሰው ሽቶ እየራቀ ነበር። በታችኛው ኮሪደር ጫፍ ራጋብ ከዘጠኝ ቁጥር ደጃፍ ላይ ቆሟል። ዛሬ የያዘው አንድ ትሪ ነው። ስታልፈው አንገቱን ደፋ፣ ለቅሶ ቤት በር ላይ እንደሚቆም ሰው።

አልጋው ላይ መነጽር የለም። መሳቢያው ውስጥም የለም። ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ ደርቋል። ሞተሩ ከእግሯ ሥር ተነሥቶ ሲያጓራ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ተጠቅጥቆ የነበረው ፎጣ ወደ ጎን ተገፍቶ እንደተቀመጠ አየች። በሩን ወደ ውስጥ ገፋችው።

ቧንቧው ደርቋል፣ ገንዳው ደርቋል። ገንዳው ውስጥ፣ ጉልበታቸውን ታቅፈው፣ ከፎቶግራፉም ይበልጥ የከሱ፣ ከንፈራቸው የተሰነጣጠቀ አንዲት ባልቴት ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸውን አድርገዋል። ብርሃኑ ሲነካቸው ዐይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው አዩዋትና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አኖሩ።

«ቢያድግልኝ መጥቷል አይደል? ድምፁን ሰምቼዋለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «ቶሎ ብለሽ ጥሪልኝ፣ ልጄ፤ እሷ ሳትቀድመኝ።»